ልዩነቱ ስንት ነው?

ከጻፍኳቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ለሰው ማሳየት የማልወደው አንድ ነበር። ሌሊት ተነስቶ ሁለት ዳታቤዞችን ጎን ለጎን የሚያነብ፣ የማይገጥም ነገር ሲያገኝ አንዱን በሌላው ልክ አስተካክሎ ድምፁን ሳያሰማ የሚወጣ አጭር ፋይል ነው። «ጊዜያዊ» ብዬ የሰየምኩት ዓመታት እንዲቆይ አስቤ አይደለም፤ ቆየ እንጂ። ወጣት ፕሮግራመሮች ሥራዬን ሊያዩ ሲመጡ ራውተሩን አሳያቸዋለሁ፣ ሞዴሎቹን አሳያቸዋለሁ፣ እሱ ያለበትን ፎልደር ግን አልከፍትም። ሥርዓቱን የተሻለ ባለሙያ ቢሠራው ኖሮ ይህ ፋይል ባላስፈለገ ነበር ብዬ አምን ስለነበር፣ እያንዳንዱ መስመር የሚመሰክርብኝ ይመስለኝ ነበር።

ቦታው አንድ የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። የአባላቱን መዝገብና የቁጠባውን ሂሳብ የሚይዝ አሮጌ ሥርዓት ነበራቸው፤ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል፣ የጻፈው ሰው ከአገር የወጣ፣ የገንዘብ ተቀባዮቹ እጅ ግን አይን ሳያስፈልገው የሚሠራበት። እኔ የተቀጠርኩት ብድሩን በአዲስ የዌብ መተግበሪያ እንድሠራ ነው። ጃንጎን መረጥኩ፤ ለአዲሱ መረጃ ደግሞ ፖስትግሬስን። ቦርዱ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፦ አሮጌው እንዳይነካ። ቆጣቢው ወረፋ ይዞ ቆሞ ገንዘብ ተቀባይ አዲስ መስኮት ሲማር ማየት አልፈለጉም፤ አልፈርድባቸውም። ስለዚህ አንድ መተግበሪያ ሁለት ዳታቤዝ ላይ ተቀመጠ።

ጃንጎ ይህን የሚችለው እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው ከ1.2 እትሙ ጀምሮ ነው፤ አሠራሩም ያባብላል። ሴቲንግ ፋይሉ ላይ «ዲፎልት» ከሚለው ጎን ሌላ ስም መጨመር ነው። «ኢንስፔክትዲቢ» የሚባለው ትዕዛዝ አሮጌዎቹን ሰንጠረዦች አንብቦ ሞዴሎቹን ራሱ ይጽፋል፤ ማይግሬሽን እንዳይነካቸውም ምልክት አድርጎባቸው ያወጣቸዋል። ቀጥሎ ራውተር የሚባል ትንሽ ክላስ ይጻፋል። ጃንጎ ለማንበብ የት እንደሚሄድ፣ ለመጻፍ የት እንደሚሄድ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር መዛመድ እንደሚፈቀድለት፣ ማይግሬሽን የቱ ላይ እንደሚሠራ እሱን ይጠይቃል። ግማሽ ገጽ አይሞላም። የአባሉ ስም ከማይኤስኪውኤል፣ የብድሩ ቀሪ ከፖስትግሬስ መጥተው አንድ ገጽ ላይ ተሰልፈው ሳያቸው የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልክደውም። ጃንጎ ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው መሰለኝ። ያደረገው ግን ሁለት በር ያለው አንድ ክፍል ሰጥቶኝ ዞር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ክፍያ ስም ላይ መጣ። ፎሪን ኪይ ከአንዱ ዳታቤዝ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ አባል መኖር አለመኖሩን ፖስትግሬስ ማይኤስኪውኤል ውስጥ ገብቶ ሊያረጋግጥ አይችልማ። ስለዚህ በብድሩ ሰንጠረዥ ላይ የአባል ቁጥር ተራ ቁጥር ሆኖ ተቀመጠ፤ የሚያመለክተው ሰው ይኑር አይኑር የሚጠይቀው ጠባቂ የለም። ጆይን የሚባል ነገርም ቀረ። «ብድር ያለባቸውን በስም ቅደም ተከተል አውጣልኝ» ሲሉኝ፣ በአንድ ዳታቤዝ አንድ መስመር የነበረው ሥራ ቁጥሮቹን ከወዲህ አምጥቶ፣ ስሞቹን ከወዲያ ጠርቶ፣ ሁሉንም ሜሞሪ ውስጥ መደርደር ሆነ። ያ ሲከብደኝ ስሙን ራሱን ወደ ብድሩ ሰንጠረዥ ገለበጥኩት። ገንዘብ ተቀባይዋ አሮጌው ላይ «ሃይሉ»ን ወደ «ኃይሉ» ስታርም አዲሱ አልሰማም። ያን ጊዜ ነው «ጊዜያዊ» የተወለደው፤ ስሞችን ብቻ ሊያመሳስል።

ከዚያ ቀኖቹ መጡ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛን አገር አሮጌ ዳታቤዝ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ይስቅበታል። የቀድሞው ፕሮግራመር የምዝገባ ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ግን ማይኤስኪውኤል ለፈረንጅ ቀን ባዘጋጀው የዴት ዓምድ ውስጥ ነበር ያስቀመጠው። መስከረም 1፣ ጥቅምት 2 እያለ ወራቱን ቆጠራቸው። አብዛኛው ያልፋል፤ ወሮቻችን ሠላሳ ቀን ስለሆኑ አብዛኞቹ የፈረንጅ ወሮች ይችሏቸዋል። ሁለተኛው ወር ግን ለማይኤስኪውኤል ፌብሩዋሪ ነው። ጥቅምት 30 ፌብሩዋሪ 30 ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ጥቅምት 29 በአራት ዓመት አንዴ ዕድል ይቀናዋል። ጳጉሜን ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ተብላ ትመጣና ከነጭራሹ በር ይዘጋባታል። ዛሬ ያለው ማይኤስኪውኤል እንዲህ ያለ ቀን ሲሰጡት በስህተት ይመልሳል፤ ከ5.7 እትም በፊት የነበሩት ግን በዲፎልት ቸልተኞች ነበሩና ቀኑን በዜሮ ሞልተው ዝም ይላሉ። እናም በእነዚያ ቀናት የተመዘገቡ አባላት ሁሉ ወደ ፓይተን ሲመጡ የምዝገባ ቀናቸው ባዶ ነው። የማኅበሩ ደንብ ብድር ለመጠየቅ ስድስት ወር መቆጠብን ይጠይቃል፤ አዲሱ ሥርዓት ደግሞ ባዶ ቀን ያለውን ሰው «ገና ነህ» ብሎ ይመልሳል። ከመሥራቾቹ መሐል ጳጉሜን ውስጥ የተመዘገቡ ነበሩ። አንዱ መጥተው «እኔን ነው ወይ ገና ነህ የሚለኝ?» ሲሉ መልስ አጣሁ።

ራውተር የቱ መረጃ የት እንዳለ ያውቃል። መረጃው ምን ለማለት እንደፈለገ አያውቅም። ከሁለቱ ዳታቤዞች መሐል ያለው ርቀት የኔትወርክ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ አሮጌው በሌላ ሰው ሐሳብ፣ በሌላ የዘመን አቆጣጠር፣ በሌላ ዓይነት ጥንቃቄ የተጻፈ ነው። የጠፉትን ቀኖች ከወረቀት ፎርሞች ላይ እያነበብን መለስናቸው፤ ማሽን ሊረዳን የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

ስምና ቀን ግን ገንዘብ አይደሉም።

ብድር ሲፈቀድ ሁለት ነገር አብሮ መሆን አለበት። ፖስትግሬስ ላይ ብድሩ ይመዘገባል፤ ማይኤስኪውኤል ላይ ከአባሉ ቁጠባ የተወሰነው ለመያዣ ይታገዳል። አንዱ ሆኖ ሌላው ከቀረ ወይ ማኅበሩ ያለ መያዣ ያበድራል፣ ወይ አባሉ ላልወሰደው ብድር ገንዘቡ ይታሰርበታል። በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ይህ ጭንቀት አይደለም፤ ሁለቱን አንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አስገብቶ ሁለቱም ይጸድቃሉ ወይም ሁለቱም ይሰረዛሉ ማለት ነው። የጃንጎ «አቶሚክ» ግን የሚያውቀው አንድ ዳታቤዝ ነው፤ ስሙን ካልነገሩትም ዲፎልቱን ብቻ። ሁለት አቶሚክ አንዱን በሌላው ውስጥ መክተት ይቻላል፤ ሲያዩት ያምራል፤ ሆኖም የውስጠኛው ቀድሞ ይጸድቃል፣ የውጪው ቀጥሎ። በመሐላቸው ያለችው ቅጽበት ጠባብ ብትሆንም መብራት ለመጥፋት ትበቃለች።

የእኔ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነበር። አሮጌዎቹ ሰንጠረዦች ማይአይሳም በሚባለው ሞተር የተሠሩ ናቸው፤ ማይኤስኪውኤል እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ኢኖዲቢ እስኪዞር ድረስ ዲፎልቱ እሱ ነበር። ማይአይሳም ትራንዛክሽን የሚባል ነገር አያውቅም። «ሮልባክ» ሲሉት ጮክ ብሎ አይቃወምም፤ ማስጠንቀቂያ ቢጤ ጥሎ ያልፋል፣ የተጻፈው ግን እንደተጻፈ ይቀራል። በዚያ ላይ ጃንጎ በፖስትግሬስ ላይ የሚፈጥራቸው ፎሪን ኪዮች ምርመራቸው እስከ ኮሚት ድረስ የተላለፈ ነው። አንድ ባለሙያ የዋሱን ሰነድ ሲሰርዝ ሌላው በዚያው ቅጽበት ብድሩን ሲያጸድቅ፣ ሁሉ ነገር ሰላም መስሎ ይሄድና የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ኮሚቱ ይወድቃል። ፖስትግሬስ ብድሩን በክብር ያነሳል። ማይአይሳም ላይ የተጻፈው እገዳ እዚያው ነው።

የትምህርት ቤት ልጅ ስለሆንኩ መልሱን መጽሐፍ ውስጥ ፈለግሁት። አለ፦ ባለ ሁለት ደረጃ ኮሚት። እ.ኤ.አ. በ1998 የቱሪንግን ሽልማት ያገኘው ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1978 በጻፈው ጽሑፍ በደንብ ተብራርቷል። አስተባባሪው ሁሉንም «ዝግጁ ናችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁሉም ዝግጁ ነን ካሉ ብቻ «አጽድቁ» ይላል። ፖስትግሬስ ከ8.1 ጀምሮ ይችለዋል፤ ነገር ግን በዲፎልት የተዘጋ ነው፣ ጃንጎም አያቀርበውም። ማይአይሳም ደግሞ ጥያቄውን የሚሰማበት ጆሮ የለውም። ሁሉም ቢችሉት እንኳ አስተባባሪው በሁለቱ ደረጃዎች መሐል ከሞተ ዝግጁ ነን ያሉት ትራንዛክሽኖች ቁልፋቸውን እንደያዙ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ ሰው መጥቶ በእጁ እስኪፈታቸው ድረስ። ይህን ካነበብኩ በኋላም ነገሩን ለማለፍ ጥቂት ሞክሬያለሁ። በመጨረሻ ያደረግኩት ግን «ጊዜያዊ»ን ማወፈር ነው፦ ብድር የሌለው እገዳ ካገኘህ አንሳ፣ እገዳ የሌለው ብድር ካገኘህ እገድ። ሠራ። እኔም ዝም አልኩ።

ዝምታዬን የሰበረው ኦዲት ነው። የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ አንድ ቀን ወረቀት ይዘው ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። ጡረታ ሊወጡ የቀረቡ፣ ካልኩሌተር ሳይነኩ የገጽ ድምር የሚያወጡ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እገዳ የሚያነሳው ማነው?»

አየሁት። ሰዓቱ ተጽፏል፣ የሠራተኛው ስም ባዶ ነው።

«ፕሮግራሙ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ያስተካክላቸዋል።»

«ማን ፈቅዶለት?»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ዳታቤዞቹ ሁለት መሆናቸውን፣ አንድ ላይ ማጽደቅ እንደማይቻል፣ በየጊዜው ልዩነት እንደሚፈጠር፣ እኔም ማታ ማታ እንደምሸፍነው። እየተናዘዝኩ እንደሆነ ስለተሰማኝ ድምፄ ዝቅ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን የሰሙኝ እንደ ሌላ ነገር ነው።

«ልዩነቱ ስንት ነው?» አሉ።

አላውቅም። ቆጥሬው አላውቅማ፤ አጠፋዋለሁ እንጂ።

ወደ ቢሯቸው ወስደው የባንክ ማስታረቂያቸውን አወጡልኝ። በየወሩ የማኅበሩን የጥሬ ገንዘብ መዝገብና ባንኩ የሚልከውን መግለጫ ያስተያያሉ። ሁለቱ ገጥመው አያውቁም፤ እንዲገጥሙም አይጠብቁም። የተጻፈ ግን ያልተመነዘረ ቼክ አለ። ገቢ ሆኖ ባንኩ ገና ያልመዘገበው አለ። ባንኩ ቆርጦ እነሱ ያልሰሙት የአገልግሎት ክፍያ አለ። እያንዳንዱ ልዩነት ስም አለው፣ ሊቆይ የሚገባው ጊዜ አለው፣ ከዚያ ካለፈ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው አለው። ከታች የእሳቸውና የሥራ አስኪያጁ ፊርማ።

«የዕቁብ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንኳ ሳምንት ሳምንት ደብተር ያስተያያሉ» አሉኝ። «ልዩነት የሌለበት መዝገብ ካመጣህልኝ እጠረጥርሃለሁ። አንተ ግን ልዩነቱን ነው የምትበላው።»

በሙያዬ የተነገረኝ ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ ከፕሮግራመር አለመምጣቱም ያስገርመኛል። እኔ የማፍረው ሁለቱን መዝገቦች የሚያስተያይ ፋይል በመኖሩ ነበር። እሳቸውን ያሳሰባቸው ፋይሉ መኖሩ አይደለም፤ ድምፅ አልባነቱ ነው። ለእሳቸው ማስታረቅ የሥራው አንድ ክፍል ነው፣ ለዚያውም ፊርማ የሚያርፍበት። ለእኔ ደግሞ ሥራው ሲበላሽ የሚለጠፍ ጨርቅ።

ፋይሉን እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ይህኛው ምንም አያስተካክልም። የማይገጥመውን አግኝቶ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይመዘግባል፦ የአባል ቁጥር፣ እዚህ ያለው፣ እዚያ ያለው፣ የተገኘበት ጊዜ፣ የልዩነቱ ዓይነት፣ የዘጋው ሰው። ኃላፊዋ ጠዋት ሲገቡ ዝርዝሩን ያያሉ፤ የሚያርመውም ስሙን አስፍሮ ነው። «ጊዜያዊ» የሚለውም ስም ቀርቷል፤ አሁን «ማስታረቂያ» ይባላል።

ልዩነቶቹ ስም ሲያገኙ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ፤ ምክንያታቸው መታየት ጀመረ። አብዛኞቹ ከዚያችው ከኮሚት መውደቅ የመጡ ነበሩ። ስለዚህ ብድሩ ሲጸድቅ ወደ ማይኤስኪውኤል በቀጥታ መጻፌን ተውኩ። በምትኩ፣ በዚያው የፖስትግሬስ ትራንዛክሽን ውስጥ «ይህን ያህል ይታገድ» የሚል ትእዛዝ በአንድ የወጪ ሰንጠረዥ ላይ ይጻፋል። ብድሩ ከተሰረዘ ትእዛዙም አብሮ ይሰረዛል፤ በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ናቸውና። ከዚያ ሌላ ሠራተኛ ፕሮግራም ትእዛዙን እያነሳ ወደ አሮጌው ያደርሳል። ማድረሱን ሳይመዘግብ ቢሞት ተመልሶ ይሞክራል፤ ሁለት ጊዜ እንዳያግድ እያንዳንዱ ትእዛዝ የማይደገም ቁጥር አለው፣ ማይአይሳምም ቢሆን የተደገመ ቁጥር አልቀበልም ማለትን ያውቃል። ጃንጎ ኮሚት ካለቀ በኋላ ሥራ የሚያስጀምር «ኦን ኮሚት» የሚባል ነገር አለው፤ እሱ ብቻውን አይበቃም። ከኮሚቱ በኋላ ፕሮሰሱ ከሞተ፣ ሊሠራ የታሰበው ነገር የትም አልተጻፈምና አብሮ ይሞታል።

እርግጥ ብድሩ በጸደቀና እገዳው በደረሰ መሐል ጥቂት ጊዜ ያልፋል። በዚያች ጊዜ ገጹ ላይ «እገዳው በመንገድ ላይ ነው» የሚል ይታያል፤ ገንዘቡም እገዳው እስኪደርስ አይከፈልም። ይህን ስጽፍ ገንዘብ ተቀባዮቹ ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከኃላፊዋ ጋር ሳወራው «ያልተመነዘረ ቼክ ነዋ» ብለው አለፉት፤ ሌላም ሰው አልጠየቀኝም።

ባክአፑም ላይ ያው ጉድ ነበር። ሁለቱም በየሌሊቱ ይቀዳሉ፣ እኔም ተረጋግቼ ነበር። ለሙከራ ሌላ ሰርቨር ላይ ሁለቱን ስመልሳቸው ግን አንዱ ከሌላው ዘግይቶ የተቀዳ በመሆኑ የሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ማኅበር ወጣ። እያንዳንዱ ለብቻው ትክክል ነው፤ አብረው ግን አይደሉም። አሁን ባክአፕ ከተመለሰ በኋላ ሥርዓቱ ለሰው ከመከፈቱ በፊት የሚሠራው የመጀመሪያው ነገር ማስታረቂያው ነው።

ስለ ቴስት አንድ ቃል ብቻ። የጃንጎ ቴስት ካልነገሩት በቀር ዲፎልቱን ዳታቤዝ ብቻ ነው የሚያየው። ከ2.2 እትም ወዲህ ሌላውን ሲነኩ ስህተት ብሎ ይጮሃል፤ ያ ጩኸት የሚያናድዳችሁ ከሆነ ቴስታችሁ እስከዛሬ ግማሹን ብቻ ሲፈትን ኖሯል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች ስለ ሁለት ዳታቤዝ ምክር ሲጠይቁኝ ብዙ ጊዜ አታድርጉት እላለሁ። ሁለቱም የራሳችሁ ከሆኑና ፖስትግሬስ ከሆኑ፣ አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ሁለት ስኪማ ይበቃችኋል፤ ትራንዛክሽኑም ፎሪን ኪዩም ይሻገራል። «ንጹሕ አወቃቀር» ለሚባለው ሲሉ የሚለያዩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ምን እንደሸጡ የሚያውቁት በኋላ ነው። ለንባብ ብቻ የሚሆን ኮፒ የሚጨምሩትም ከዚህ አያመልጡም፦ ሰውየው ስልኩን ቀይሮ «አስቀምጥ» ይጫናል፣ ቀጣዩ ገጽ ወደ ኋላ ከቀረው ኮፒ ያነብና አሮጌውን ስልክ ያሳየዋል፣ ሰውየውም መልሶ ይጫናል። አንዳንዴ ግን ምርጫ የለም፤ እንደ እኔ አሮጌው ሊነካ የማይችል፣ ወይም የሌላ ሰው ንብረት የሆነ። ያኔ የምጠይቃቸው ስለ ራውተር አይደለም። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚያየው ማነው፣ የማንኛው ቃል ነው የሚጸናው፣ የሚፈርመውስ? መልስ ካላቸው ኮዱን ማንም ይጽፈዋል። አንዳንዶቹ «አይለያዩም» ይሉኛል። አልከራከራቸውም።

አሁን ማኅበሩ አባላት ቁጠባቸውን በቴሌብር እንዲያስገቡ ሊያደርግ አስቧል። ሦስተኛ መዝገብ ማለት ነው፤ ይህኛው ደግሞ በሴቲንግ ፋይል የማይገባ፣ ራውተር የማያውቀው፣ አቶሚክ የማይደርስበት። በእጃችን የሚኖረው የክፍያው ቁጥርና የሚላክልን ዝርዝር ብቻ ነው። ኮድ ሳልጀምር ከኃላፊዋ ጋር ተቀምጠን ሊመጡ የሚችሉትን ልዩነቶች ስም አወጣንላቸው። እኔ ሦስት አሰብኩ፦ ከፍሎ እኛ ጋ ያልታየ፣ በተሳሳተ የአባል ቁጥር የገባ፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ። እሳቸው አራተኛ ጨመሩ፦ ከማኅበሩ ከለቀቀ አባል የመጣ። የለቀቀ ሰው ለምን ይከፍላል ብዬ ስጠይቅ «ዋስ የሆነለት ሰው ዕዳ አልከፍል ብሎት ነዋ» አሉኝ። እኔ በሠራሁት የብድር ሥርዓት ውስጥ የለቀቀ ዋስ የሚገባበት ቦታ የለም፤ ከእሱ ነው የምጀምረው።